የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ውጣ ውረድ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ከሐሳብ ተነሥቶ መጽሐፍ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ትገልጻላችሁ፤ ተቃርኖንና ያልተፈጸመ ሁኔታን የሚያመለክቱ አነጋገሮችን በዐረፍተ ነገር ውስጥ በትክክል ትጠቀማላችሁ፤ በመጨረሻም ከራሳችሁ ምናብ የፈለቀ አንድ አጭር ታሪክ አቅዳችሁ ትጽፋላችሁ።

ሀ. መግቢያ

በልጅነታችሁ ማታ ማታ ከምድጃ ዳር ተቀምጣችሁ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብላችሁ የመለሳችሁ ሁሉ፣ የሚናገር አንበሳ ወይም በሌሊት መልኩን የሚለውጥ ጅብ እንግዳችሁ አይደለም። ተረት ነጋሪው «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ተብሎ አይጠየቅም፤ አድማጩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁሉን ለመቀበል ተስማምቷልና። ተረት ግን በአንድ ምሽት ተጀምሮ በዚያው ምሽት ያልቃል። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ድንቅ ነገር በአምስት መቶ ገጽ ሊተርከው ቢነሣ፣ አንባቢውም አምኖት እስከ መጨረሻው እንዲከተለው ቢፈልግ፣ ሥራው ምን ይመስላል? የዛሬው ትምህርታችን የሚመለከተው ይህንን ነው።

ፈረንጆች እንዲህ ያለውን የድርሰት ዓይነት «ፋንታሲ» ይሉታል። እኛ በዚህ ትምህርት «ምናባዊ ልብ ወለድ» እንለዋለን። ልብ ወለድ ሁሉ ከምናብ የሚፈልቅ ቢሆንም፣ ይህኛው በገሐዱ ዓለም የማይገኙ ፍጡራንን፣ አስማትንና ደራሲው ራሱ የፈጠረውን አገር መሠረት ስለሚያደርግ ስያሜው ይስማማዋል። ብዙ ጀማሪዎች «ያሻኝን መፍጠር ስለምችል ይህን መጻፍ ከሁሉ ይቀላል» ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስለ ጎንደር ወይም ስለ ደሴ የሚጽፍ ደራሲ፣ ተራራውና ወንዙ፣ ገበያውና መንገዱ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ስለሌለ አገር የሚጽፍ ደራሲ ግን ምድሩን፣ ያለፈ ታሪኩን፣ የሕዝቡን ልማድና የአስማቱን ሕግ ሁሉ ራሱ መሥራት አለበት። አንድ ጊዜ ያወጣውንም ሕግ ኋላ ሲቸግረው ማፍረስ አይፈቀድለትም። ሕጉን ካፈረሰ አንባቢው ያዝናል፤ መጽሐፉንም ይዘጋዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ በእውነት የተፈጸመ ታሪክ ነው። በጥሞና አንብቡት። በምታነቡበት ጊዜ ደራሲው ደስ ያለውን ጊዜና ያዘነበትን ጊዜ እየለያችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።

ለ. ምንባብ
ከሸለቆው የወጣ መጽሐፍ

ሞንታና ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። ተራራዋ ብዙ፣ ሕዝቧ ጥቂት ነው። በዚያች ግዛት ፓራዳይዝ ቫሊ በሚባል፣ የሎስቶን ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ የሚባል ልጅ አደገ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እርሱንና ታናሽ እኅቱን ቤት ውስጥ ያስተማሯቸው ወላጆቻቸው ነበሩ። ክሪስቶፈር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በተልእኮ ትምህርት አጠናቆ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ዕድሜው ገና 15 ዓመት ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ በዚያን ጊዜ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ የሚበልጥ አልነበረም።

ትምህርቱን ስለ ጨረሰ ጊዜው ሁሉ በእጁ ሆነ። መጻሕፍት ማንበብ እጅግ ይወድ ነበር፤ ይልቁንም ስለ ዘንዶዎችና ስለ ጀግኖች የተጻፉትን። እንደ እነርሱ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ ቀደም ብሎም ደጋግሞ ሞክሮ ነበር። ይሁን እንጂ ሙከራው ሁሉ ከጥቂት ገጽ አያልፍም። አንድ ሐሳብ ያገኛል፤ በጋለ ስሜት ይጀምራል፤ ወዲያው ግን ብዕሩ ይቆማል። ምክንያቱን ሲመረምረው ነገሩ ግልጽ ሆነለት። በእጁ የነበረው የታሪክ መነሻ ብቻ ነበር እንጂ ታሪክ አልነበረም። አንድ ልጅ በጫካ ውስጥ የዘንዶ ዕንቁላል ማግኘቱ መነሻ ነው። ዕንቁላሉ ከየት መጣ? ማን ይፈልገዋል? ልጁ ዘንዶውን ቢያሳድገው ምን ይደርስበታል? በመጨረሻስ ምን ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስካልተገኘ ድረስ የሚጻፍ ነገር የለም።

ስለዚህ ብዕሩን አስቀመጠና ማጥናት ጀመረ። ስለ ታሪክ አወቃቀር የተጻፉ መጻሕፍትን አነበበ። ከዚያም ገጽ መጻፉን ትቶ አንድ ወር ሙሉ የታሪኩን ትልም ብቻ ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ትልሙም የአንድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የሚከታተሉ ሦስት መጻሕፍት ትልም ነበር። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም «ኤራጎን» አለው። ይህ ስም ዘንዶ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ፊደል በመለወጥ የተገኘ ነው። ለመቼቱም ሩቅ አልሄደም፤ በየቀኑ የሚያያቸውን የሞንታናን ተራሮች ወደ ምናብ አገሩ አሻገራቸው። ለጥንታዊው የአስማት ቋንቋ ደግሞ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በጥንት ዘመን ይናገሩበት ከነበረው ከኖርስ ቋንቋ ቃላት ተዋሰ።

ለአስማቱም ሕግ አወጣ። በኤራጎን ዓለም አስማት የሚሠራ ሰው፣ ያንኑ ሥራ በእጁ ቢሠራው የሚያወጣውን ያህል ጉልበት ከአካሉ ይከፍላል። ድንጋይ በቃል ማንሣት ይቻላል፤ ድካሙ ግን አይቀርም። ከአቅሙ በላይ የሞከረ ሰው ይሞታል። ይህች አንዲት ሕግ ታሪኩን ከከንቱ ድንቃድንቅ አዳነችው። ሁሉ ነገር በአስማት በቀላሉ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ጭንቀትም ትግልም ባልኖረ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የጽሕፈቱ ሥራ ተጀመረ። ሥራዬ ብሎ ለጽሕፈት የተቀመጠ ሰው ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት የተድላ ኑሮ ይመስላል። አለቃ የለም፤ የመግቢያ ሰዓት የለም። ነገር ግን በወር መጨረሻ ደመወዝም የለም። «ዛሬ ጥሩ ሠርተሃል» የሚል የለም። አንዱ ቀን እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ቀን አንድ አንቀጽ ጥርስ እንደ መንቀል ይሆናል። እንደ ጎርፍ የወረደውም ሆነ በጭንቅ የወጣው ገጽ ጥሩ ይሁን መጥፎ በዚያው ቀን አይታወቅም። ክሪስቶፈር የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመጨረስ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ረቂቁ ሲያልቅ ደስታው ታላቅ ነበር። ሆኖም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ባነበበው ጊዜ ሌላ ነገር አየ። ታሪኩ አለ፤ አጻጻፉ ግን ገና ጥሬ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁት በዚህች ሰዓት ነው። ግማሾቹ «አልሆነልኝም» ብለው ሥራውን ወደ ሣጥን ይወረውሩታል፤ ግማሾቹ ደግሞ ጉድለቱን እያዩ እንዳላዩ ያልፉታል። እርሱ ሁለቱንም አላደረገም። ሁለተኛውን ዓመት ረቂቁን እንደ ገና በመጻፍ አሳለፈው።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ለወላጆቹ ሰጣቸው። ወላጆቹ አነስተኛ የቤተሰብ የመጻሕፍት ኅትመት ሥራ ነበራቸው። መጽሐፉን አንብበው ራሳቸው ሊያሳትሙት ቆረጡ። ሦስተኛው ዓመት በእርማት፣ በገጽ አቀማመጥና በሥዕል ዝግጅት አለፈ። የመጀመሪያውን እትም ሽፋንና የምናብ አገሩን ካርታ የሣለው ደራሲው ራሱ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ያን ጊዜ የቤተሰቡ መተዳደሪያ በዚህ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መጽሐፉ ካልተሸጠ የሚከስረው ደራሲው ብቻ አልነበረም፤ እናትና አባት፣ እኅትም ጭምር እንጂ።

የታተመ መጽሐፍ ሁሉ አንባቢ አያገኝም። ስለ ኤራጎን የሚያውቅ ሰው ከሸለቆው ውጭ አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰቡ በየከተማው እየዞረ መሸጥ ያዘ። ልጁ ቀይ ሸሚዝ፣ ሰፊ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ቆብ አድርጎ፣ የጥንት ዘመን ሰው መስሎ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየመጻሕፍት መደብሩ እየቀረበ ንግግር አደረገ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ130 ጊዜ በላይ ተናግሯል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ሲያስረዳ ውሎ፣ ቀኑ እጅግ ከተሳካለት የሚሸጠው አርባ ያህል መጽሐፍ ነበር። ያ ጊዜ እጅግ ያስጨነቀው እንደ ነበርና ከዚያ በላይ ብዙ ሊቀጥል ይችል እንዳልነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ዓይነ አፋር ለሆነ ሰው፣ ለብቻው ተቀምጦ መጻፍ ከለመደ በኋላ በሰው ፊት ቆሞ የራሱን ሥራ «ግዙኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ።

በዚያው ዓመት በጋ ካርል ሃያሰን የተባለ ታዋቂ አሜሪካዊ ደራሲ ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ወደ ሞንታና መጣ። የእንጀራ ልጁ ኤራጎንን አግኝቶ አነበበ፤ እጅግም ወደደው። ሃያሰን የልጁን ደስታ አይቶ ስለ መጽሐፉ አልፍሬድ ክኖፍ ለተባለው የኒው ዮርክ ማተሚያ ድርጅት አመለከተ። ድርጅቱ የኅትመት መብቱን ገዛ። መጽሐፉም እንደ ገና በአርታዒ ታርሞ፣ ከርዝመቱም ተቀንሶ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ለአንባቢ ቀረበ። ወዲያው በአገሪቱ እጅግ ከተሸጡት የወጣት መጻሕፍት ተርታ ገባ። ደራሲው ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን ዝና ብቻዋን አትመጣም። ሐያስያን መጽሐፉን አንሥተው መረመሩት። አንዳንዶቹ የደራሲውን ጽናት ሲያመሰግኑ፣ ሌሎቹ ታሪኩ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቶልኪን መጻሕፍትና እ.ኤ.አ. በ1977 ከወጣው ስታር ዎርስ ከተባለው ፊልም ጋር እጅግ እንደሚመሳሰል ጻፉ። በ15 ዓመቱ የጻፈውን ነገር በ20 ዓመቱ ዓለም ሁሉ ሲመዝንበት መቀበል ነበረበት። በዚያ ላይ አንባቢዎቹ ቀጣዩን መጽሐፍ ይጠብቁ ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። ሦስተኛውን ሲጽፍ ታሪኩ በአንድ መጽሐፍ የማይጠቃለል መሆኑን ስለ ተረዳ፣ ሦስት ይሆናሉ የተባሉት መጻሕፍት አራት ሆኑ። ሦስተኛው በ2008፣ አራተኛው በ2011 ታተመ። በዚያች በአንዲት ወር የተነደፈው ትልም እስኪፈጸም ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ሲጀምር 15 ዓመቱ የነበረው ልጅ ሲጨርስ 28 ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሐ. የቃላት ፍች

ምናብ፦ በዓይን ያልታየውን ነገር በአእምሮ የመሣል ችሎታ።
ትልም፦ የአንድ ታሪክ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ተያይዘው የሚሄዱበት መስመር።
መቼት፦ ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ (መቼና የት)።
ረቂቅ፦ ገና ያልታረመና ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ።
አርታዒ፦ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ለኅትመት የሚያቃና ባለሙያ።
ሐያሲ፦ የድርሰትን ጥንካሬና ድክመት መርምሮ የሚፈርድ ሰው። (ብዙ፦ ሐያስያን)
የተልእኮ ትምህርት፦ ተማሪው ባለበት ሆኖ በመልእክት የሚከታተለው ትምህርት።
ውጣ ውረድ፦ በአንድ ሥራ ወይም ኑሮ ውስጥ የሚገጥም መነሣትና መውደቅ፣ ድካምና እፎይታ።

መ. ስለ ምንባቡ ማብራሪያ

ምንባቡን በጥንቃቄ ካነበባችሁ የደራሲው ሥራ በአራት ደረጃዎች እንዳለፈ ትገነዘባላችሁ።

አንደኛው ማቀድ ነው። ክሪስቶፈር ቀደም ብሎ የሞከራቸው ታሪኮች የከሸፉት ቋንቋ ስለ ጎደለው ሳይሆን የሚሄድበትን ስላላወቀ ነበር። አንድ ወር ያለ ገጽ መቀመጡ የባከነ ጊዜ አልነበረም።

ሁለተኛው መጻፍ ነው። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው ችሎታ ብቻ ሳይሆን ልማድም ነው። ስሜት በመጣ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ሰው አጭር ግጥም ሊጨርስ ይችል ይሆናል፤ አምስት መቶ ገጽ ግን አይጨርስም።

ሦስተኛው ማረም ነው። ለመጻፍ የፈጀውን ያህል ጊዜ ለማረምም እንደ ፈጀ ልብ በሉ። ብዙዎቻችሁ ድርሰት ጽፋችሁ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ስታኖሩ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። ለደራሲ ግን ያቺ ነጥብ የሥራው እኩሌታ ናት።

አራተኛው ለአንባቢ ማድረስ ነው። መጽሐፍ እስኪነበብ ድረስ በወረቀት ላይ ያለ ቀለም ነው። ይህ ደረጃ ከደራሲው ጸባይ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ቢሆንም ሊታለፍ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ከመካከላችሁ መጻፍ የሚወድ ተማሪ ይህን አንብቦ፣ «እኔም ሌላውን ሁሉ ትቼ ለጽሕፈት ብቀመጥስ?» ሊል ይችላል። መልሱን ከምንባቡ ራሳችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። በመጀመሪያ፣ ክሪስቶፈር ለመጻፍ ሲል ትምህርቱን አላቋረጠም፤ መጻፍ የጀመረው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ሲጽፍ የሚያበላውና የሚያስጠልለው ቤተሰብ ነበረው፤ ያ ቤተሰብም የኅትመትን ሥራ ያውቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ድካሙ ሊያልቅበት በተቃረበ ጊዜ አንድ ልጅ በዕረፍቱ መጽሐፉን አነበበለት። ይህ ሦስተኛው ዕድል ነው። ትጋት ዕድልን ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ይሆናል፤ በቀጠሮ ግን አያመጣውም። የእርሱን ያህል ደክመው ያ ልጅ ያልመጣላቸው ደራስያን አሉ። ታሪካቸው በመማሪያ መጽሐፍ ስለማይጻፍ የሌሉ ሊመስላችሁ አይገባም።

ሌላም መንገድ እንዳለ እወቁ። ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር። ታላቁን ምናባዊ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1937 ጀምሮ በ1949 የጨረሰው እያስተማረ፣ ፈተና እያረመ፣ ልጆች እያሳደገ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1954 እና በ1955 ነበር። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የተባለችውም ደራሲ የመጀመሪያ መጽሐፏን ሐሳብ በ1990 አግኝታ፣ በችግር ውስጥ ሆና ጽፋ በ1995 ጨረሰች፤ አሥራ ሁለት አሳታሚዎች ከመለሱባት በኋላ በ1997 ታተመላት። ስለዚህ ሙሉ ጊዜን መስጠት አንዱ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በሦስቱም ዘንድ የሚገኘው አንድ ነገር፣ የጀመሩትን መጨረሳቸውና የጨረሱትን ማረማቸው ነው። በቀን አንዲት ገጽ የሚጽፍ ሰው በዓመቱ 365 ገጽ ይኖረዋል። ይህን ለማድረግ ትምህርትን መተው አያስፈልግም።

ሠ. ሰዋስው

1. ተቃርኖ አመልካች አያያዦች

ውጣ ውረድን የሚገልጽ ጽሑፍ አንዱን ሐሳብ ከተቃራኒው ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። በምንባቡ ውስጥ ለዚህ ያገለገሉት «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ሆኖም»፣ «ቢሆንም»፣ «ግን» እና «እንጂ» ናቸው። አገባባቸውም እንደሚከተለው ነው።

(ሀ) «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ሆኖም» በሁለተኛው ሐሳብ መነሻ ላይ ይገባሉ።
ምሳሌ፦ ደጋግሞ ሞክሮ ነበር። ይሁን እንጂ ሙከራው ሁሉ ከጥቂት ገጽ አያልፍም።

(ለ) «ግን» ብቻውን ሲሆን ከሚያነጻጽረው ቃል ወይም ሐረግ ቀጥሎ ይገባል።
ምሳሌ፦ ታሪኩ አለ፤ አጻጻፉ ግን ገና ጥሬ ነው።

(ሐ) «እንጂ» አንዱን ሐሳብ አፍርሶ ሌላውን ያጸናል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ሐሳቦች አንዱ አሉታዊ መሆን አለበት።
ምሳሌ፦ በእጁ የነበረው የታሪክ መነሻ ብቻ ነበር እንጂ ታሪክ አልነበረም።

(መ) «ምንም እንኳ» ሲገባ ተከታዩ ግሥ «ቢ-» ን በመነሻው፣ «-ም» ን በመድረሻው ይይዛል።
ምሳሌ፦ ምንም እንኳ ቢደክመውም መጻፉን አልተወም።

ማስታወሻ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ምንም እንኳ» ን እና «ነገር ግን» ን አብሮ ማስገባት ስሕተት ነው። «ምንም እንኳ ቢደክመውም ነገር ግን መጻፉን አልተወም» አይባልም፤ ተቃርኖው በ«ምንም እንኳ» ተገልጾ አልቋልና።

2. ያልተፈጸመ ሁኔታ

ባለፈ ጊዜ ሊሆን ሲችል ያልሆነን ነገር ስንገልጽ በጥገኛው ሐረግ «ቢ- … ኖሮ»፣ በዋናው ሐረግ «በ- … ነበር» እንላለን። ሐሳቡ አሉታዊ ሲሆን «ባይ- … ኖሮ» እና «ባል- … ነበር» ይሆናል።

ምሳሌ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዳለ አሳትሞት ቢሆን ኖሮ አንባቢ ባላገኘ ነበር።
ምሳሌ፦ ወላጆቹ ባይረዱት ኖሮ መጽሐፉ በሣጥን ውስጥ በቀረ ነበር።

በሁለቱም ምሳሌዎች የተነገረው ነገር አልተፈጸመም። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዳለ አላሳተመውም፤ ወላጆቹም ረድተውታል። ይህን አነጋገር በትክክል መጠቀም ምናባዊ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው እጅግ ይጠቅመዋል። የምናባዊ ታሪክ ሁሉ ሥር «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» የሚለው ጥያቄ ነውና።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ክሪስቶፈር ቀደም ብሎ የጀመራቸው ታሪኮች ለምን ከጥቂት ገጽ አላለፉም?
2. በታሪክ መነሻና በታሪክ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በኤራጎን ዓለም ያለው የአስማት ሕግ ለታሪኩ ምን ጠቀመው?
4. ደራሲው የመጀመሪያውን ረቂቅ ካነበበ በኋላ ምን አደረገ? እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
5. «ዝና ብቻዋን አትመጣም» የሚለውን አነጋገር ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አብራሩ።

መልመጃ ሁለት። በባዶው ቦታ ተስማሚውን አያያዥ አስገቡ።

1. መጽሐፉ ታትሞ ነበር፤ ______ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።
2. ______ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ቢውልም የሸጠው ጥቂት ነበር።
3. የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ዕቅድ ነው፤ ጽሑፉ ______ ጥሩ ጅምር አለው።
4. ደራሲነት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ሥራ ነው ______።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች «ቢ- … ኖሮ» ወይም «ባይ- … ኖሮ» በሚለው አነጋገር አንድ አድርጋችሁ ጻፉ።

1. የታሪኩን ትልም አዘጋጀ። መጽሐፉን ጨረሰ።
2. የደራሲው የእንጀራ ልጅ መጽሐፉን አነበበ። ማተሚያ ድርጅቱ ስለ መጽሐፉ ሰማ።
3. ሮውሊንግ ተስፋ አልቆረጠችም። መጽሐፏ ታተመ።

መልመጃ አራት። ድርሰት።

አንድ በዓለም ላይ የሌለ አገር በምናባችሁ ፍጠሩ። ጽሕፈት ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን በደብተራችሁ መዝግቡ፦ የአገሩን መልክዓ ምድር በሦስት ዐረፍተ ነገር (የምታውቁትን ተራራ ወይም ወንዝ መሠረት ብታደርጉ ይቀላችኋል)፤ በአገሩ የሚገኘውን አንድ ድንቅ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ ያ ድንቅ ነገር የሚያስከፍለውን ዋጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ የታሪኩን መጨረሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ጻፉ።

የጻፋችሁትን ለሦስት ቀን ሳታዩት አቆዩት። በአራተኛው ቀን ሌላ ሰው እንደ ጻፈው አድርጋችሁ አንብቡት፤ ጉድለቱንም አስምሩበት። ከዚያም እንደ ገና ጻፉት። ለመምህራችሁ ስታስረክቡ ሁለቱንም፣ ማለት የመጀመሪያውን ረቂቅና የታረመውን፣ አያይዛችሁ አቅርቡ። ነጥብ የሚሰጣችሁ ለታሪኩ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ላለውም ለውጥ ነው።